አንድ ኢንዱስትሪ ብቻ የሚያጠና ማዕከል ውስጥ ልግባ?

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «በኢኮኖሚክስ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። አንድ ኢንዱስትሪ ብቻ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ማዕከል በረዳት ተመራማሪነት ሊቀጥረኝ ነው። ጓደኞቼ ‹በዩኒቨርሲቲ ስም የሚሠራ ኮንሰልቲንግ ነው› ይሉኛል። አማካሪዬ ደግሞ ‹ጠባብ ትሆኛለሽ› አለኝ። ገንዘቡን የሚከፍለው ኢንዱስትሪው ራሱ ከሆነስ ሥራው እንዴት ይታመናል? ልግባ ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ መልሱን ከጫፉ ልንገርሽ። ግቢ። ግን ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ሦስት ነገር ጠይቂ፣ መልሱ ካልጣመሽ ደግሞ ቦርሳሽን ይዘሽ ውልቅ በይ። ምን እንደምትጠይቂ ወደ ታች እመጣበታለሁ። እኔ ራሴ ዕድሜዬን የፈጀሁት እንዲህ ባለ ማዕከል ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ባዳላ አትፍረጂብኝ።

መጀመሪያ ግን የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንለይ፣ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ለኢንዱስትሪው ቴክኖሎጂ የሚፈልግ ነው። የእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ከቦይንግ ጋር የጀመረው የማኑፋክቸሪንግ ምርምር ማዕከል እንዲህ ያለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ወረቀት አምራቾችም በ1929 ዊስኮንሲን ውስጥ ከአንድ ኮሌጅ ጋር ሆነው የራሳቸውን የወረቀት ኬሚስትሪ ተቋም አቋቁመው ነበር፣ ኋላ አትላንታ ገብቶ ከጆርጂያ ቴክ ጋር ተቀላቀለ። እዚያ የሚፈለገው ኬሚስትና ኢንጂነር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ኢንዱስትሪውን ራሱን ነው የሚያጠናው። ለምን አንዱ ፋብሪካ በተመሳሳይ ማሽን ከሌላው እጥፍ ያመርታል? ሠራተኛው የሚከፈለው በምን ስሌት ነው? ዕቃው የት የት ይቆማል? ኢኮኖሚስት ከጠሩ ያንቺ ይሄኛው ነው፣ እኔም ስለሱ ነው የማወራው።

ይሄኛው በብዛት የተስፋፋው በአንድ ሰው ግትርነት ነው ማለት ይቻላል። ራልፍ ጎሞሪ ይባላሉ። የሒሳብ ሊቅ ናቸው፣ ለረጅም ጊዜ የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ምርምር መርተዋል። በ1989 ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካው የአልፍሬድ ስሎን ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ሆኑና እስከ 2007 ቆዩ። ኩባንያ ውስጥ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ኢኮኖሚስቶች ስለ ኢንዱስትሪ የሚጽፉት ነገር እሳቸው ካዩት ጋር አልገጥም ይላቸዋል። ድንጋይ የሚያጠና ሰው ወደ ተራራው ይወጣል፣ ስለ ፋብሪካ የሚጽፍ ሰው ግን ለምንድን ነው ፋብሪካ የማይገባው? ከ1990 ጀምሮ ፋውንዴሽኑ ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ መስጠት ጀመረ፣ አንዱ ማዕከል አንድ ኢንዱስትሪ እንዲይዝ። መኪና፣ ብረት፣ ቺፕ፣ መድኃኒት፣ ልብስ፣ ጭነት መኪና፣ አየር መንገድ፣ ባንክ፣ የምግብ ችርቻሮ፣ እያለ ቁጥራቸው ከ20 በላይ ደረሰ። ቁም ነገሩ የገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ኩባንያዎቹ በራቸውን ካልከፈቱልሽና እነሱም ካልተሳተፉ፣ የለም።

ለእነዚህ ሁሉ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚታየው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የመኪና ጥናት ነው። በ1985 የተጀመረ፣ የ5 ዓመትና የ5 ሚሊዮን ዶላር ሥራ። ይሄን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ጥያቄሽ ሁሉ እዚህ ውስጥ ስላለ።

ያኔ አሜሪካ ውስጥ የጃፓን መኪና ለምን በለጠን ሲባል መልሱ ሰው አፍ ላይ ነበር። ደመወዛቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው፣ ባህላቸው ነው፣ ሮቦት ስለሚያበዙ ነው። ሁሉም መልስ ነበረው፣ ለክቶ ያየ ግን አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በዓለም ዙሪያ ወደ 90 የሚጠጉ የመኪና መገጣጠሚያዎችን አዳረሱ። ሥራውን ከያዙት አንዱ ጆን ክራፍሲክ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር። ይሄ ልጅ ወደ ኤምአይቲ ከመምጣቱ በፊት የአሜሪካው መኪና አምራች ጂኤምና የጃፓኑ ቶዮታ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጋራ ያንቀሳቅሱት በነበረው ኑሚ በሚባል ፋብሪካ ሠርቷል። ስለዚህ ምን እንደሚለካ ያውቃል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። አንዱ ፋብሪካ መቀመጫውን ራሱ ይሠራል፣ ሌላው ተሠርቶ ይመጣለታል። አንዱ ትልቅ መኪና ይገጣጥማል፣ ሌላው ትንሽ። ዝም ብለሽ ጠቅላላ ሰዓቱን ለመኪና ብዛት ብታካፍዪ የምታገኚው ቁጥር ውሸት ነው። እሱ ሁሉም የሚሠሩትን ሥራ ብቻ ለይቶ አወዳደረ።

ውጤቱ ይኸውልሽ። ከኤምአይቲ ብዙም የማይርቀው የጂኤም የፍሬሚንግሃም ፋብሪካ ያኔ አንድ መኪና ለመገጣጠም 31 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ጃፓን ያለው የቶዮታ ታካኦካ 16 ሰዓት። ጉድለት ሲቆጠር ፍሬሚንግሃም በ100 መኪና 130 ገደማ፣ ታካኦካ 45። ፍሬሚንግሃም ለ2 ሳምንት የሚበቃ ዕቃ ይከምራል፣ ታካኦካ ያለው ለ2 ሰዓት ብቻ የሚሆን ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን «ባህላቸው ነው» የሚለው ሰው አሁንም አፍ አለው። ወሬውን የዘጋው ኑሚ ነው። ኑሚ የነበረበት ሕንፃ ጂኤም በ1982 የዘጋው ፋብሪካ ነው፣ በ1984 ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆኑ አሜሪካውያን ነበሩ። 19 ሰዓትና 45 ጉድለት ላይ ደረሱ። ሰው ያው፣ አገር ያው፣ አሠራሩ ብቻ ሌላ። ዛሬ ሁሉም ሰው ይህን ብክነት የሌለበት አሠራር የሚጠራበት «ሊን» የሚለው ስምም በ1988 ከዚሁ ከክራፍሲክ ብዕር ነው የወጣው።

እንግዲህ ይሄን ከቢሮ ሆነሽ ከመንግሥት ስታቲስቲክስ ታገኚዋለሽ? አታገኚም። የመንግሥት ቁጥር የሚነግርሽ ኢንዱስትሪው በጠቅላላ ስንት ቀጠረ፣ ስንት ሸጠ ነው።

«ጠባብ ትሆኛለሽ» ያለሽን አማካሪ እዚህ ላይ እናንሳው። አከብረዋለሁ፣ ግን ነገሩን የገለበጠው ይመስለኛል። የሦስት ኢኮኖሚስቶች ሥራ ልንገርሽ፣ ኬሲ ኢችኒዮውስኪ፣ ካትሪን ሾው እና ጆቫና ፕሬኑሺ። የሠራተኛ አያያዝ ምርታማነትን ይለውጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ሰፊ ነው፣ ብዙ ሰው ከተለያየ ኢንዱስትሪ መጠይቅ እየሰበሰበ ሞክሮታል፣ ውጤቱ ግን ዳቦ ቤትን ከባንክ ማወዳደር ነው የሚሆነው። እነሱ ምን አደረጉ? ከብረት ኢንዱስትሪ ውስጥ አንድ ዓይነት የማጠናቀቂያ መስመር ብቻ መረጡ። በ17 ኩባንያ ውስጥ ያሉ 36 መስመሮች፣ ያው ሥራ፣ ያው ዓይነት ማሽን። እየዞሩ ሰው አነጋገሩ፣ መለኪያቸውም መስመሩ መሥራት ከነበረበት ሰዓት ውስጥ ስንቱን በእርግጥ ሠራ የሚል ሆነ፣ እዚያ ቤት ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። በ1997 ያሳተሙት ግኝት፦ ሥልጠና ብቻውን፣ ቦነስ ብቻውን፣ የቡድን ሥራ ብቻውን ብታስገቢ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ የለም። አንድ ላይ ሲገቡ ነው መስመሩ የሚለወጠው። ያ ወረቀት የብረት ሰዎች ብቻ የሚያነቡት አልሆነም፣ የሥራ ኢኮኖሚክስ የሚማር ሁሉ ያገኘዋል። በጠባቡ ገብተው ነው በሰፊው የወጡት። አዳም ስሚዝም እኮ በ1776 ስለ ሥራ ክፍፍል ሲጽፍ የጀመረው 10 ሰው ካለበት ከአንድ የስፒል መሥሪያ ቤት ነው።

ጠባብ የሚያደርግሽ ሌላ ነገር ነው። በአንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ የተሞላ ማዕከል ያጠባል። ሃርቫርድ የነበረውን የልብስና ጨርቃጨርቅ ማዕከል እዪ። ፍሬድሪክ አበርናቲ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሰው ናቸው፣ ጆን ደንሎፕ በ1975 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር የሆኑ የሥራ ኢኮኖሚስት፣ ጃኒስ ሃመንድ የአቅርቦት ሰንሰለት ሰው፣ ዴቪድ ዊል ደግሞ የሥራ ሁኔታ ላይ የሚያተኩሩ። ልብስ ሰፊዎቹ ኩባንያዎች ያኔ የሚጨነቁት ስለ ሰከንድ ነበር፣ አንድ ኪስ ለመስፋት የሚፈጀውን ጊዜ እንዴት እንቁረጥ እያሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ሸሚዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። ለካ መርፌ የሚነካው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ የቀረውን ጊዜ በእሽግ ታስሮ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እስኪያልፍ ተራ ይጠብቃል፣ ያ ደግሞ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። በሌላው ጫፍ ባር ኮድ የያዘው ቸርቻሪ የተሸጠውን እየቆጠረ «ያለቀውን በዚህ ሳምንት ተካልኝ» ማለት ጀምሯል። ስለዚህ ጨዋታው ከሰከንድ ወደ ሳምንት ተቀይሯል። ሽያጩ የማይዋዥቀውን መጠን ሩቅ ርካሽ ቦታ ማሰፋት፣ የሚዋዥቀውን ግን ቅርብ ማሰፋት ያዋጣል ወደሚል መደምደሚያ መጡ። ኢንጂነሩ ብቻውን ቢሆን ሰከንዱ ላይ ይቀር ነበር፣ ኢኮኖሚስቱ ብቻውን ቢሆን ደሞዙ ላይ።

አሁን ወደ ኮንሰልቲንግ። ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ በሩቅ ስታዪው ይመሳሰላል። ያው የደህንነት ቆብ፣ ያው ጉብኝት፣ ያው ስላይድ። ልዩነቱ ግን ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አማካሪ ድርጅት ደንበኛው የጠየቀውን ይመልሳል፣ መልሱም የደንበኛው ንብረት ነው። ማዕከል ግን ተቀናቃኞቹን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል፣ ያገኘውንም ያሳትማል። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከ1991 ጀምሮ የቺፕ ፋብሪካዎችን ሲያወዳድር ኩባንያዎቹ ዳታቸውን የሰጡት ስማቸው ተደብቆ በኮድ ብቻ ስለሚወጣ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ኮድ ያውቃል፣ የሌላውን አያውቅም። ስብሰባ ላይ ግራፉን ሲያዩ አንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ነጥቡን ፈልጎ ዝም ይላል፣ እኛም ቤት ያየሁት ነው፣ ዝምታው ብቻውን ይነግርሻል። ጥናቱን ከመሩት አንዱ ሮበርት ሊችማን ኋላ ከሳምሰንግ ጋር ሠርተው የሜሞሪ ቺፕ የምርት ዑደት ከ80 ቀን በላይ ከነበረበት ከ30 ቀን በታች እንዲወርድ አደረጉ። ይሄኛው ሥራ እርግጥ ወደ ኮንሰልቲንግ ይጠጋል። ግን የመጣው ከዓመታት ማወዳደር በኋላ ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄሽ እንምጣ። ኢንዱስትሪው ከከፈለ እንዴት ይታመናል?

በባዶ «አይታመንም» ማለት ቀላል ነው፣ ምክንያትም አለው። የአሜሪካ ስኳር አምራቾች ማኅበር በ1960ዎቹ ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ከፍሎ የልብ በሽታን ጣጣ ከስኳር ወደ ቅባት የሚያዞር የጥናት ግምገማ አስጽፏል። ግምገማው በ1967 ታተመ፣ ከፋዩ ሳይጠቀስ። ነገሩ የወጣው በ2016 ከድሮ ደብዳቤዎች ነው። እዪው እንግዲህ፣ ሐሰተኛ ቁጥር መፍጠር እንኳ አላስፈለገም። የትኛውን ጥናት ታጠብቃለህ፣ የትኛውን ታለዝባለህ የሚለው ይበቃል።

በሌላ በኩል የኤምአይቲውን የመኪና ጥናት መልሰሽ እዪ። ገንዘቡ ከመኪና አምራቾችም ከመንግሥታትም መጥቷል፣ ግን ማንም ከጠቅላላው ከ5 በመቶ በላይ እንዳያዋጣ ተገድቦ ነበር። አንዱ ተቆጥቶ ቢወጣ ጥናቱ አይሞትም። የጂኤምን ፋብሪካ በቁጥር ያሳጣ ሠንጠረዥ ሊታተም የቻለው በዚህ ነው። እርግጥ ይሄም ከነቀፋ አላመለጠም። በ1992 ካረል ዊሊያምስና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር ንጽጽሩን ነጥብ በነጥብ ሞግተውታል፣ ማይክ ፓርከርና ጄን ስሎተር ደግሞ ከሠራተኛው ወገን ሆነው ያን አሠራር «በጫና ማስተዳደር» ብለውታል። እኔ ሁለቱንም ወገን ካነበብኩ በኋላ ቁጥሮቹ ዋና ነገራቸው አልፈረሰም ባይ ነኝ፣ የሠራተኛው ድካም ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ዓምድ አልነበረውም።

የማዕከላት እውነተኛ ሕመም ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉቦ አይደለም። በሩን የሚከፍትልሽ ሥራ አስኪያጁ ስለሆነ ሳታውቂው በሱ ዓይን ማየት ትጀምሪያለሽ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የጭነት መኪና ጥናት ይሄን ያለፈበት መንገድ ደስ ይለኛል። በ1997 ሾፌሮቹን ያገኟቸው በየጭነት መኪና ማረፊያው ነው፣ አለቃ በሌለበት። ረጅም መንገድ የሚነዳው ሾፌር በአማካይ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ክፍያው ግን በማይል ስለሆነ ለመጫንና ለማራገፍ ሰልፍ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም። መጋዘኑ የሾፌሩን ሰዓት በነፃ ስለሚያገኘው ለመቆጠብ አይቸኩልም። ይሄን የኩባንያ ሪፖርት ውስጥ አታዪውም፣ የማይከፈልበትን ሰዓት ማን ይመዘግባል?

የራሴን አንድ ልጨምር፣ የሚያሳፍር ነው። ገና ጀማሪ ሆኜ አንድ ፋብሪካ ገባን። ቦርዱ ላይ ያለው የብልሽት ቁጥር በጣም ያምራል። ጻፍነው፣ አመሰገንናቸው፣ ወጣን። በሦስተኛው ጉብኝት የሌሊት ፈረቃ ላይ ቆየሁ። አንድ ኦፕሬተር ቡና እየጠጣ «ማሽኑ ከ10 ደቂቃ በታች ከቆመ እኮ አንጽፈውም» አለኝ። በየሌሊቱ ስንቴ ይቆማል ስለው ሳቀ። ቡና እንኳ ሳይጨርስ ሁለቴ ቆመ። የስድስት ወር ዳታዬ እዚያው ወደቀ። ወደ ኋላ ዞሬ ስለ ኩባንያው ለመጻፍ ስነሳ ደግሞ የፈረምነው ስምምነት «ከመታተሙ በፊት የኩባንያው ፈቃድ ያስፈልጋል» ይል ኖሯል። ፈቃዱ አልመጣም። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን ስጡኝ በያቸው፣ ሰው ሲነግርሽ አትመኚ፣ ራስሽ አንብቢ። ኩባንያው ከመታተሙ በፊት «የማየት» መብት ካለው ችግር የለውም፣ ሚስጥር ሾልኮ እንዳይወጣ አንድ ሁለት ወር ማዘግየት በሁሉም ቦታ ያለ ነው። «የመፍቀድ» መብት ካለው ግን የኔ መሳቢያ ይጠብቅሻል። ቀጥለሽ ትልቁ ከፋይ ከጠቅላላው ስንት በመቶ ያዋጣል በይ። ግማሽ ከሆነ ማዕከሉ የሱ ነው፣ በሩ ላይ የማንም ስም ይጻፍ። በኔ ዘንድ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፦ «ከአባላቶቻችሁ አንዱን ያስከፋ ያሳተማችሁት ሥራ አሳዩኝ።» ጥሩ ማዕከል ይስቅና ያወጣልሻል፣ አንዳንዱ እንዲያውም በኩራት ይተርክልሻል። የሚያቅማማ ካለ መልስሽን አግኝተሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቆይታ። የዚህ ሥራ ፍሬ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋቸውን ስትማሪ ያልፋል፣ ሁለተኛው ማን እውነቱን እንደሚነግርሽ ስትለዪ። ወረቀት የምታሳትሚው ከዚያ በኋላ ነው። የሁለት ዓመት ኮንትራት ከሰጡሽ ሦስት ለማድረግ ተደራደሪ። ፒኤችዲ ለመቀጠል ካሰብሽ የማዕከሉን ዳታ ይዘሽ መውጣት ትችዪ እንደሆነም በጽሑፍ አስደርጊ፣ በቃል የተባለ ነገር ዳይሬክተር ሲቀየር ይጠፋል። የገንዘቡ ምንጭ ስንት ዓመት እንደቀረውም ጠይቂ። ጎሞሪ ከለቀቁ በኋላ የፋውንዴሽኑ ትኩረት ወደ ሌላ ሲዞር ብዙዎቹ ማዕከላት ሌላ ከፋይ ፍለጋ ገብተዋል፣ ተመራማሪዎቹም ተሰባስበው የራሳቸውን የኢንዱስትሪ ጥናት ማኅበር መሥርተዋል። የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ብትገኚ ካንቺ ማዕከል ወጥተው የሄዱ ሰዎችን ታገኛለሽ። ከዳይሬክተሩ ይልቅ እነሱን አነጋግሪ።

ከገባሽ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ጠይቂ፣ ቀን ቀን የሚያስጎበኝሽ አይጠፋም። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ግዢ።